ካርቶን ውስጥ የተኛችው ሆርኔት፦ ባትሪ ከመሰካትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን በልጅነቱ የተገዛችለትን፣ የጃፓኑ ኩባንያ የታሚያ ሥራ የሆነችውን ሆርኔት፣ ያቺን በሪሞት የምትነዳ በጊ፣ ከ30 ዓመት በላይ ከተኛችበት ካርቶን አውጥቷታል። ጎማዎቿ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። የሪሞቱ ባትሪ ቤት ውስጥ አረንጓዴና ነጭ ነገር ጋግሯል። ቦዲዋ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፤ ነጭ የነበሩት ፕላስቲኮችም ቢጫ ሆነዋል። «የድሮውን ባትሪ ቻርጅ አድርጌ ልሞክራት? ወይስ ጊዜዬን ከማጠፋ አዲስ ልግዛ? የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ አብረን ብንነዳት ደስ ይለኛል» ይላል።

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። አትሰካ።

እጅህን እንደሚበላህ አውቃለሁ። ካርቶኑን የከፈተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪ ፍለጋ መሮጥ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ይህን ሥራ ገና ሳልለምደው የራሴን በጊ አቧራዋን እንኳ ሳላራግፍ አዲስ ባትሪ ሰካሁባትና ወለል ላይ አስቀመጥኳት። ሪሞቱን ገና አላበራሁትም ነበር። መኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ባላት ጉልበት ሁሉ ተፈተለከች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ የፊት ክንዷ ለሁለት ተሰበረ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ነገር ሳይሆን የኖረ ፕላስቲክ በ2 ሰከንድ አለቀለት።

ምን ሆነ መሰለህ? የዚያ ዘመን ሪሲቨር፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው ምልክት ተቀባይ፣ ከሪሞቱ ምልክት ካላገኘ አየር ላይ ያለውን ጫጫታ ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ጫጫታው ሰርቮውን፣ ማለትም ክንድ የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር፣ ገፋው፣ ሰርቮው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ ሙሉ ገፋው፣ አለቀ። ስለዚህ ሪሞት ቀድሞ ይበራል፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። መኪናዋም እንጨት ወይም ወፍራም መጽሐፍ ላይ ተቀምጣ አራቱም ጎማ አየር ላይ ካልሆነ ባትሪ አይሰካም። ይህን ለልጅህም ከመጀመሪያው ቀን አስተምረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር ወስን፤ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጣት ነው ወይስ ልትነዳት? ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያጣል። ለመደርደሪያ የምትሆን መኪና ዋጋዋ ያረጀ ኦሪጅናል ዕቃዋ ነው። የደረቀው ጎማ፣ የተላጠው ስቲከር፣ ዝገቱ ሳይቀር ታሪኳ ነው። ለመንዳት የምትሆን መኪና ግን ጎማዋ አዲስ፣ ኤሌክትሮኒክሷም አዲስ መሆን አለበት። አንተ ከልጄ ጋር መንዳት እፈልጋለሁ ብለሃል፣ ስለዚህ መልሴን በዚያ ላይ ልመሥርት። ግን አንድ ውለታ ዋልልኝ፤ የምታወጣውን አሮጌ ዕቃ አንዱንም አትጣል። በላስቲክ ከረጢት እያደረግህ፣ ስሙን እየጻፍህ እዚያው ካርቶን ውስጥ መልሰው። ሻሲውን አትብሳ፣ ከፋብሪካ የመጣ ሽቦ አትቁረጥ። ከ10 ዓመት በኋላ ልጅህ እንደ ነበረች ልመልሳት ቢል እንዲችል።

ደግነቱ ዕድለኛ ነህ። ሆርኔት የወጣችው በ1984 ነው፤ ታሚያ በ2004 እንደገና አምርቷታል። እኅቷ ግራስሆፐርም በዚያው በ1984 ወጥታ በ2005 ተመልሳለች። የአዲሱ ምርት ዕቃ አብዛኛው አሮጌዋ ላይ ልክ ይገባል። ጎማ፣ ማርሽ፣ ሞላ፣ ቦዲ፣ ስቲከር ይገኛል ማለት ነው። ያልተመለሰ ሞዴል ይዘህ ብትመጣ ኖሮ ይህ መልስ ግማሹ የፍለጋ ታሪክ ይሆን ነበር። «አዲስ ልግዛ?» ላልከው ደግሞ፣ ብዙ ነገር ከተሰበረባት የአዲሱን ምርት ሙሉ ኪት፣ ያልተገጣጠመውን ጥቅል፣ ገዝቶ ዕቃውን ከዚያ መውሰድ አንዳንዴ አንድ በአንድ ከመልቀም ይረክሳል። እስክትፈታት ግን ምንም አትግዛ። ፈትተህ፣ አጥበህ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ካየህ በኋላ ነው የጎደለውን የምታውቀው።

አፈታት ላይ። ስልክህን አውጣና ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሳ። ሽቦ በየት እንዳለፈ፣ የቱ ብሎን ረጅም የቱ አጭር እንደሆነ፣ ራንዴላ የት እንደነበር። የመገጣጠሚያ መመሪያዋ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ እሱንም አውርድ። ሆኖም ያንተዋን መኪና ያንጊዜ የገጠማት ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ መመሪያ አይከተልም።

ካቻቢቴው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው መኪናውን የሚያበላሸው እዚህ ነው። የጃፓን ኮከብ ብሎን በየቤቱ ካለው ኮከብ ካቻቢቴ ጋር አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። የጃፓኑ ጄአይኤስ የሚባል የራሱ ልክ አለው። የተለመደው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ እስከ ታች አይገባለትም፤ ጠበቅ ስታደርገው ዘሎ ይወጣና የብሎኑን ጭንቅላት ይልጠዋል። አንዳንዱ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችው፣ ጄአይኤስ መሆኑን የምትነግርህ እሷ ናት። አንድ ትክክለኛ ካቻቢቴ ግዛ፣ ሌላውን ሁሉ ታተርፍበታለህ። አልላቀቅ ያለ ብሎን ካጋጠመህ የመበየጃ ጫፍ ጭንቅላቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፍበት። ብረቱ ሲሞቅ የያዘው ፕላስቲክ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ያኔ ይወጣል። ብዙ ካቆየኸው ግን ቀዳዳው ይሰፋብሃል።

ስትመልስም ዘዴ አለው። እነዚህ ብሎኖች ፕላስቲኩን ራሳቸው እየቀደዱ ጥርስ የሚያወጡ ናቸው። እንዲሁ አስገብተህ ብትጠመዝዝ በአሮጌው ጥርስ ላይ ሌላ ጥርስ ይቀዳል፤ ሁለት ሦስቴ ከደገምከው ቀዳዳው ባዶ ይሆናል። ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አስቀምጥና መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ቀስ ብለህ አዙረው። የሆነ ቦታ ላይ «ቀጭ» ብሎ ዝቅ ሲል በእጅህ ይሰማሃል። አሮጌው ጥርስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፊት አጥብቅ፣ ሲይዝልህ ተው። ልጅህ አንዴ ካሳየኸው ካንተ የተሻለ ይሠራዋል፣ የሕፃን እጅ ያቺን ቀጭታ ቶሎ ይለያታል።

አረንጓዴውና ነጩ ጋግርት ከባትሪ የፈሰሰ ነው። አልካላይን ባትሪ ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ የሚያረክሰው ደካማ አሲድ ነው። ጓንትና መነጽር አድርግ። ደረቁን በድሮ ጥርስ ብሩሽ አራግፍ፣ ግን አፍንጫህን አታስጠጋ። ከዚያ ጥጥ በኮምጣጤ አርጥበህ ጥረግ፤ ትንሽ ይፈላል፣ አትደንግጥ። መፍላቱ ሲያቆም በአልኮል አጥራውና አድርቀው። የሞላዎቹ ብረት ገጽ ከተበላ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈትግ። ሽቦዎቹን ግን በደንብ እይ። ዝገቱ በፕላስቲኩ ሽፋን ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ውጪው ደህና የሚመስል ሽቦ ጫፉን ስትልጠው ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ጥቁር መዳብ ደግሞ ብየዳ አይቀበልም። ሽቦ አትቁረጥ ያልኩህ ለደህናው ነው፤ እንዲህ የሆነውን ቀይ መዳብ እስክታገኝ ድረስ እየቆረጥህ ሂድ፣ ካላገኘህ ሽቦውን ሙሉውን ቀይር።

የመኪናዋ ባትሪ ሌላ ጉዳይ ነው። የዚያ ዘመኑ ኒኬል ካድሚየም ነው፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ 6 ሴሎች ተደርድረው 7.2 ቮልት ይሆናሉ። ይህን ያህል ዓመት ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ጥቃቅን የብረት ክር ያበቅልና ሴሉ በራሱ ሾርት ይሆናል። መልቲሜትር ብታስነካው ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ታያለህ። «በትልቅ ከረንት ምታው ይነሣል» የሚልህ ሰው አይጠፋም፤ አትስማው። ቢነሣ እንኳ ለጥቂት ቀን ነው፣ ካልተነሣ ደግሞ ሊሞቅና ሊፈነዳ ይችላል። ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትቀላቅለው፣ ባትሪ ለሚሰበስቡ አስረክብ። የድሮውን ቻርጀርም አብረህ ጡረታ አውጣው። አብዛኛው ባትሪው መሙላቱን የማያውቅ፣ አንተ ሰዓት እያየህ የምትነቅለው ዓይነት ነው።

በምትኩ 7.2 ቮልት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዛ። ቅርጹ እንደ ድሮው ነው፣ ቦታው ላይ ልክ ይቀመጣል። ቻርጀሩ ባትሪው ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ይሁን። 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነውን በ2 አምፒር ብትሞላው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅብሃል። ሊፖስ? ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ቀላልና ብርቱ ነው፣ እኔም በሌሎች መኪናዎቼ ላይ እጠቀማለሁ። ለዚህች ግን አልመርጠውም። አንደኛ፣ የሆርኔት ባትሪ ቤት ለክብ ሴሎች የተሠራ ስለሆነ ብዙው ባለ አራት ማዕዘን ሊፖ ሻሲውን ካልቆረጥክ አይገባም፣ አትቁረጥ ብለናል። ሁለተኛ፣ የሊፖ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ያበጠ ሊፖ ደግሞ ቤት ውስጥ የምትፈልገው ነገር አይደለም። የድሮው የፍጥነት መቆጣጠሪያ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሦስተኛ፣ የልጅ እጅ ነው።

ስለ ፍጥነት መቆጣጠሪያው። የሆርኔት ኦሪጅናል ሜካኒካል ነው። አንድ ሰርቮ ክንድ እየገፋ መዳብ በመዳብ ላይ ያንሸራትታል፣ ለዝግታው ጉዞ ከረንቱ በሬዚስተር በኩል ያልፍና ትርፉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሬዚስተሩን ከነዳህ በኋላ በጣትህ አትንካው፣ ቆዳ ያነሣል። ሥራው ግን የሚያምር ነው፤ በዓይን የሚታይ ኤሌክትሪክ በለው። ለልጅህ ፈትተህ አሳየው። የጠቆረውን መዳብ በእርሳስ ላጲስ አጥራ፣ ካልለቀቀ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጠቀም። ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሆን ግሪስ በስሱ ቀባው።

ካሳየኸው በኋላ ግን አውጥተህ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው። ለመንዳት ለብረሽ (ባለ ብሩሽ) ሞተር የተሠራ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያና 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት አስገባ። የቆዩ መኪና ወዳጆች እዚህ ላይ ይናደዱብኛል። ይናደዱ። የድሮው 27 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ናፍቆቱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ እጅ ላይ ሆኖ ምልክት ሲጠፋበት መኪናዋ ምን እንደምታደርግ ከላይ ነግሬሃለሁ። አዲሱ ሬዲዮ ምልክት ሲጠፋ ጋዙን ወደ ዜሮ እንዲመልስ ይስተካከላል። አስተካክለህ ፈትነው፤ ጎማዎቹ አየር ላይ እያሉ ትንሽ ጋዝ ስጥና ሪሞቱን አጥፋ። ጎማዎቹ ካልቆሙ መሬት ላይ አታውርዳት።

የድሮውን ሬዲዮ ማስነሣት እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በል። የሬዲዮውን ሞገድ የሚወስኑት ክሪስታሎች ጥንድ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። የሪሞቱ ለምሳሌ 27.145 ከሆነ የሪሲቨሩ 26.690 ነው፣ ልዩነቱ 455 ኪሎኸርዝ። ካቀያየርካቸው አይሠራም፣ ሰው ሬዲዮው ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ሌላው፣ የድሮ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ በ4 ትንንሽ ባትሪ፣ ማለትም በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። 7.2 ቮልቱን በቀጥታ ከሰጠሃቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሶኬቱ የሽቦ አሰላለፍም በየአምራቹ ይለያይ ስለነበር «ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም። ረጅሙን የአንቴና ሽቦም እንዳትቆርጠው፣ ርዝመቱ የተለካው ለሞገዱ ነው።

የመሪው ሰርቮ መጠኑ እስከ ዛሬ ያው ነው፣ አዲስ ሰርቮ ቦታው ላይ ልክ ይቀመጣል። የሚለየው የሚዞረው ጫፍ ጥርሱ ነው፤ እንደ አምራቹ 23፣ 24 ወይም 25 ጥርስ አለው። ግጭት የሚበላውን ሰርቮ ሴቨር ያለ ልኩ ታግለህ ብታስገባው ይሰነጠቃል። ልኩን ካገኘህ በኋላም ከመግጠምህ በፊት ሬዲዮውን አብርተህ ሰርቮው መሀል ላይ ይቁም። ይህን የዘለለ ሰው መኪናው ለምን ወደ አንድ ጎን እንደምትጎትት ሲገርመው ይኖራል።

ሞተሩ 540 የሚባለው ነው። ግራስሆፐር ስትወጣ የያዘችው አነስ ያለውን 380 ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሻሲ ላይ የተሠሩ ቢሆኑም ሆርኔት የፈጠነችው በዚህ ነው። የ540 ሞተር በቀላሉ አይሞትም። ዘንጉን በእጅህ አዙረው። ካልዞረ አታስገድደው፤ ከፊትና ከኋላ ዘንጉ በሚወጣበት ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግና አንድ ሌሊት ተወው። ከዚያ ለብቻው፣ ከማርሹ ነጥለህ፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ በ3 ቮልት ለጥቂት ደቂቃ አዙረው። መጀመሪያ ያንቋርራል፣ እየቆየ ድምፁ ይጠራል። ውሃ ውስጥ ነክረው አዙረው የሚል ምክር ታገኛለህ፣ እኔ አልወደውም። ሞተሩ ላይ 3 ትንንሽ ካፓሲተሮች መኖራቸውን እይ፤ 104 የሚል ቁጥር አለባቸው፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። አንዱ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፣ ሌሎቹ ከየጫፉ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ ይሄዳሉ። የአንዱ እግር ከተበጠሰ ሞተሩ ሬዲዮውን ይረብሻል፣ አንተም ሰርቮው ተበላሸ ብለህ ታማዋለህ።

«ታዲያ ብረሽለስ፣ ብሩሽ የሌለውን ብርቱ ሞተር፣ ባስገባባትስ?» እንዳትለኝ። የማርሽ ቤቷ ለዚያ አልተሠራም።

ማርሽ ቤቱን ክፈተው። ያኔ የተቀባው ግሪስ ሻማ መስሎ ደርቋል። እያንዳንዱን ማርሽ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠብ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ አጽዳ፣ የተበላ ካለ ቀይር። ፕላስቲክ የማይጎዳ ግሪስ ቀባ፣ ግን አትለውሰው፤ ጥርሱ ላይ በስሱ ከኖረ በቂ ነው። ዘንጎቹ የሚዞሩት በቡሽ፣ ኳስ በሌለው ተራ ቀለበት፣ ላይ ከሆነ ይህች አጋጣሚ ነችና በኩሽኔታ ቀይራቸው። ልካቸው 5 በ11 በ4 ሚሊሜትር ነው፤ ግን አሮጌዎቹን ለካና ቁጠራቸው። ከሁሉም ለውጥ ባነሰ ድካም ብዙ የምታተርፍበት ይህ ነው። ጎማውን በጣትህ መታ ስታደርገው የሚዞርበትን ጊዜ ከበፊቱና ከበኋላው አወዳድር፣ ያኔ ይገባሃል።

አሞርዛተሮቹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኋላዎቹ ዘይት ያላቸው ናቸው። የፊቶቹ ዘይት የላቸውም፣ ሞላና ፍትጊያ ብቻ ናቸው፤ «ደርቀዋል» ብለህ ዘይት እንዳትሞላባቸው። የኋላዎቹን ፈትተህ አጥበህ የላስቲክ ቀለበቶቹን ቀይርና የሲሊኮን ዘይት ሙላ። ስትሞላ ዘንጉን ወደ ታችና ወደ ላይ ቀስ አድርገህ አንቀሳቅስ፣ አረፋው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ዝጋ። ይህን ሁሉ አድርገህም ኋላዋ መዝለሉን አይተውም። ሆርኔት ማለት ተርብ ነው፣ ግራስሆፐር ደግሞ ፌንጣ፤ ሁለቱም ግን የሚዘሉት እንደ ፌንጣ ነው። የማርሽ ቤቱ ከነሞተሩ ከአክስሉ ጋር አብሮ ስለሚወዛወዝ ኋላው ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው። ላስተካክለው ብለህ አትድከም፣ ልጅህ የሚወደው እሱን ይሆናል።

የተሰነጣጠቀ ጎማ አይድንም። ላስቲኩ ለስላሳ ያደረገውን ነገር በጊዜ አጥቶታል፣ የምትቀባው ሁሉ መልኩን እንጂ ጉልበቱን አይመልሰውም። አሮጌውን ለመደርደሪያ አስቀምጥ፣ ለመንዳት አዲስ ግዛ። ቢጫ የሆነው ፕላስቲክ ኤቢኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ተነክሮ ፀሐይ ሲመታው ይነጣል። ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊበልዝ ይችላል፣ ከበዛበትም ይሰባበራል። እኔ ብሆን ቢጫውን እተወዋለሁ። ናይለን የሆኑት ክፍሎች ደግሞ ሲደርቁ እንደ ብስኩት ይሰበራሉ፤ ከመግጠምህ በፊት ፍል ውሃ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች አቆያቸው። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይለሰልሳል።

የመጨረሻው ቦዲዋ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የኔን ስሕተት አትድገም። የሆርኔት ቦዲ ስስ ፖሊካርቦኔት ነው፣ ቀለሙም የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው። ውጪውን የሚያብለጨልጨው ፕላስቲኩ ራሱ ነው። እኔ አንዴ አሮጌ ቀለም ላስለቅቅ ብዬ ቲነር ቀባሁበት። ዓይኔ እያየ መስኮቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘረጉ፣ ጠርዙን ስነካው ተቆርሶ እጄ ላይ ቀረ። ፖሊካርቦኔት ቲነርና አሴቶን አይችልም፣ በቃ። ቀለም ማስለቀቅ ካለብህ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ያውም የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረህ፣ በትዕግሥት። የግራስሆፐር ቦዲ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ አያያዙ ሌላ ስለሆነ የሷን ምክር አንብበህ ለሆርኔት እንዳትጠቀምበት።

ስንጥቁን እንዲህ አድርገው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ብሳ። ሹል ጫፍ ካልተዘጋ ንዝረቱ ይዞት ይቀጥላል፣ ክብ ቀዳዳ ግን ያቆመዋል። ከዚያ ከውስጥ በኩል ለግድግዳ ስንጥቅ የሚለጠፈውን የመረብ ቴፕ ቆርጠህ አስቀምጥና ላዩ ላይ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ የጫማ ማጣበቂያ ቀባ። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፣ ደረቅ ስለሆነ እዚያው ጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። ስቲከሮቹን ከመንካትህ በፊት ስካን አድርጋቸው ወይም ከላይ ቀጥ አድርገህ ፎቶ አንሣቸው። ቦዲው በጣም ከተጎዳ አዲስ ቦዲ ቀብተህ ለመንዳት ተጠቀም፣ አሮጌውን ስቀለው።

ስትጨርስ የመጀመሪያውን ቀን ባትሪው እስኪያልቅ አትንዳት። 5 ደቂቃ ነድታችሁ አቁሙ። ሞተሩን ንካው፤ ጣትህን ማሳረፍ ካልቻልክ የሆነ ቦታ የተጣበቀ ነገር አለ፣ ለምሳሌ ኩሽኔታ በትክክል አልተቀመጠም። የጎማዎቹን ዳዶዎች አንድ በአንድ አጥብቅ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንዷ ሁልጊዜ ላላ ብላ ትገኛለች። ባትሪውን ንቀል፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፋ። ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ቻርጅ አታድርገው። ፈትተህ ስትዘረጋት የጠረጴዛውን ፎቶ ላክልኝ፤ የጎደለውን አብረን እናያለን።